«ተቀበል»፦ የሐይቅና የአምባሰል ዜማ በጉልበተኞች ዘመናት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ጉዞውን ሲቀጥል አምባሰል ወረዳ ይገባና ውጫሌን ያገኛል። መንገዱ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የያዘው ታሪክ ግን የስምንት መቶ ዓመት ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ቦሩ ሜዳ አለ። ሐይቁ ዳር አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ውጫሌ አጠገብ የ1881ዱ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ አለ። ከፍ ብሎ ደግሞ የነገሥታት ልጆች ተግዘው የኖሩበት ግሸን አምባ አለ። አራቱም ቦታዎች ቃልና ሥልጣን ፊት ለፊት የተያዩባቸው ናቸው።

አምባሰል የወረዳ ስም ብቻ አይደለም። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዞ ዘመናትን ለመዳሰስ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ባለ ጉልበት የሕዝብን አፍ ሊዘጋ በተነሣ ቁጥር የዚህ አገር ዜማና ግጥም ምን አደረገ? ወደ ኋላ ስንመለከት ጉልበት በሦስት መንገድ መጥቷል። ከልክሏል፣ ገድሏል፣ አቅፏል። ከሦስቱ ለጥበቡ ከባድ የሆነበት ክልከላው ወይም ግድያው ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን እቅፉ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ዳሰሳው ራሱ ያሳያል።

የብዙ አፍ ጥበብ

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በቆመበት ቤት አንድ ታዳሚ እጁን ያነሣና «ተቀበል!» ይላል። ከዚያ ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቤቱም ይስቃል ወይም ያዝናል። የሙስሊሙ መንፈሳዊ ዜማ መንዙማም እንዲሁ ነው። አውራጁ ያወርዳል፣ ጀማው በጭብጨባና በድቤ ይቀበላል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ሙሾ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። በአጨዳና በውቂያ ላይም አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ወንዱና ሴቱ፣ ድግሱና ሐዘኑ የሚገናኙት በዚህ አሠራር ነው።

ይህ አሠራር ሁለት ነገር ይወልዳል። አንደኛ፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስንኙን የሰጠው አንዱ፣ ያዜመው ሌላው፣ ወደ ቀጣዩ መንደር ይዞት የሄደው ሦስተኛው ነው። ባለሥልጣን ማንን ይሰር? ሁለተኛ፣ ሰምና ወርቁ ለሰሚው የተተወ ነው። የተባለው ስለ አንዲት ሴት ዐይን ሊሆን ይችላል፤ የተሰማው ግን ስለ አንድ ገዥ ጭካኔ ነው። ሰምቶ ፈገግ ያለውን ሰው በምን ሕግ ይከሱታል?

ቅኝቱም የራሱ ሚና አለው። በአምባሰል ቅኝት ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ያ ጠባብ እርምጃ ዜማውን ገና ከመነሻው ያከብደዋል። ቃሉ የፍቅር ቢሆንም ድምፁ ሐዘንና ቁጭት ያዝላል። ግጥም ይሰረዛል፣ ይታገዳል፤ በድምፅ ርቀት ውስጥ ያደረን ስሜት ግን ማንም መርማሪ በቀይ እስክርቢቶ አላጠፋውም።

ብራናና ውል

ከሁሉ በፊት የተጻፈው ቃል ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሐይቅ ላይ ያቋቋሙት ገዳም የመምህራን ምንጭ ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ ባዶ ገጾቹ ላይ የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተመዝግቦበታል። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ያን አካባቢ ሲያምሰው ብዙ ጠፋ። ይህ መጽሐፍ ግን ተርፎ ለእኛ ደረሰ፤ ታደሰ ታምራትን የመሰሉ የታሪክ ምሁራንም የገዳሙን አበው ታሪክ ሊጽፉ የቻሉት እንዲህ ያለ ማስረጃ በመኖሩ ነው። የተጻፈ ቃል ከጠባቂ ጋር እንደሚኖር፣ ያለ ጠባቂ እንደሚሞት ሐይቅ ምስክር ነው። ወደዚህ ነጥብ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ውጫሌ ደግሞ ቃል የጦር ሜዳ ሊሆን እንደሚችል አሳየች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመገናኘት በኢጣሊያ በኩል ቢፈልጉ ይቻላቸዋል ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ ውስጥ አገር ሊወሰድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የአማርኛውን ቃል ይዘው ጸኑ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተቋጨ። ቋንቋን መጠበቅ አገርን መጠበቅ መሆኑን የአምባሰል ሰው ከደጁ ተምሯል።

ቦሩ ሜዳና መንዙማ

ከውጫሌ ውል ዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1870 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው በመጀመሪያ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የውስጥ ክርክር ዘጋ። የሦስት ልደት ወይም የጸጋ ልጅ ባዮች ተረቱ፤ ትምህርታቸውም ተከለከለ። ቀጥሎ ትእዛዙ ወደ ሙስሊሞች ዞረ። የወሎ መሪዎች ክርስትና ተነሡ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ሃይማኖት አንድ አገር ያጸናል ብለው አሰቡ። ለወሎ ገበሬ ግን ይህ የአባቱን ስም፣ ሶላቱንና መቃብሩን የሚነካ ነበር።

መንዙማ ከዚያ በፊትም ነበረ። ከመቶ ዓመት አስቀድሞ የጀማ ንጉሡ ሼህ መሐመድ ሻፊ መውሊድን በአደባባይ በማክበርና ሃይማኖትን በግጥም በማስተማር ይታወቃሉ። ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬ እምነቱን በአማርኛ ዜማ ይማር ነበር። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ግን መንዙማ አዲስ ሸክም ተሸከመ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በአንድ በኩል በ1870ዎቹ በግዳጅ ጥምቀቱ ላይ ለተነሣው ዐመፅ መሪ ሆኑ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በአማርኛ መንዙማ ገጣሚነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ግጥማቸው በዓጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ከአንዱ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ወደ ሌላው ተላለፈ። ነቢዩን እያወደሰ የተሰደደውን ያጽናና ነበር፤ ዱዓ እያደረገ በደልን ይመዘግብ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ በአማርኛ የተደረገ ተቃውሞ ነው። የቤተ መንግሥቱን ቋንቋ ቤተ መንግሥቱን ለመሟገቻ ተጠቀመበት። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያሳተሙት ጥናት ይህን ታሪክ ከዐፈ ታሪክነት ወደ ምርምር ጠረጴዛ ያመጣ ነው። የክልከላው ውጤትም የታሰበውን አልሆነም። ዐዋጁ አልፎ ሄደ፤ መንዙማ የሚወርድበት ጉባኤ፣ ሀድራው፣ ግን ጸንቶ ቀረ። ወሎ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ የመሐመድና የገብሬ ስም የሚገናኝባት አገር የሆነችው በዐዋጅ አይደለም። ሕዝቡ አንዱ የሌላውን ዜማ መቀበል ስለሚያውቅ ነው።

ማሲንቆና ጥይት

ሁለተኛው መንገድ ግድያ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ደበደቡ፤ በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ከወራት በኋላ አገሪቱ ተያዘች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስቱ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙም የማይነገረው ቀጥሎ የመጣው ነው። በመጋቢት ወር ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ተረት ነጋሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና አዋቂ ተብዬዎችን ለጸጥታ አደገኛ ናቸው ብሎ እንዲያዙና እንዲገደሉ አዘዘ፤ ሰባ ያህሉ መገደላቸውንም ለሮማ አስታወቀ።

አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት አንድ ጅማት የፈረስ ጭራ ያለውን ሰው ለምን ፈራ? ምክንያቱን ራሱ ትእዛዙ ይናገራል። የቅኝ ገዥው ጋዜጣና ሬዲዮ አገሩ ተሸንፏል ሲሉ፣ አዝማሪው ከገበያ ገበያ እየዞረ አርበኛው በሕይወት አለ ይላል። በሰርግ ላይ ይሸልላል፤ በለቅሶ ላይ የሞተውን በጀግንነት ስም ይጠራዋል። ሕዝቡ ዜናውን የሚሰማው ከእሱ ነበር። ከወረራው ዋዜማ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ሕዝብን ለመከላከል የቀሰቀሰው በግጥም፣ በዜማና በንግግር ነበር።

ጥይቱ አዝማሪውን ገደለ፤ ዜማውን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ስንኙን የሰጠው ሰው ከገበያው ሕዝብ መካከል ነበርና። ፉከራና ቀረርቶ በዱር በገደሉ ቀጠሉ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስም አደባባዩን የሞሉት እነሱ ነበሩ።

ከሩቅ አገር አንድ መስተዋት

የራስን ፊት ለማየት መስተዋት ይረዳል። ፍልስጤማውያን በዘመናችን ይህንኑ መንገድ ተጉዘዋል። እስራኤል ዌስት ባንክንና ጋዛን በያዘች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በወጣ ወታደራዊ ትእዛዝ ያለ ፈቃድ ባንዲራ ማውለብለብና ፖለቲካዊ ጽሑፍ ማሳተም ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ራማላ ውስጥ አንድ የሥዕል አዳራሽ ተዘጋ። ሠዓሊው ስሊማን መንሱር እንደሚተርከው፣ ባለሥልጣናቱ እሱንና ጓደኞቹን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም አንድ ላይ እንዳይጠቀሙ ነገሯቸው፤ ሐብሐብ እንኳ ቢሆን። ሐብሐብም ከዚያ ወዲህ የባንዲራ ምትክ ሆነ። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ሰሙ ፍሬ፣ ወርቁ አገር ነው።

ደራሲው ጋሳን ካናፋኒ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤይሩት ውስጥ በመኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆመውን ሐንዘላ የተባለ ሕፃን የፈጠረው ካርቱኒስት ናጂ አል-ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ ተተኮሰበትና ሞተ። ሕፃኑ ግን በየግድግዳው ቆሞ ቀረ። ሴቶች ከመንደር መንደር የሚለየውን ጥልፍ በስደት ካምፕ ውስጥ ለልጆቻቸው አስተማሩ፤ የጠፋችው መንደር ስም በክር ላይ ተረፈ። ዩኔስኮ ይህን ጥልፍ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዳብካ የተባለውን የክብ ጭፈራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ።

ከዚህ መስተዋት የምወስደው አንድ ትምህርት አለ። እዚያም እዚህም የተረፈው በብዙ እጅ የሚሠራው ነው። ጥልፍ የአንዲት ሴት ንብረት አይደለም፤ ዳብካ ብቻውን አይጨፈርም። መንዙማም ያለ ጀማ አይወርድም።

የተደበቀ ረሃብ

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከነፃነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሙዚቃን በተቋማት አደራጀ። በ1940ዎቹ መግቢያ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ይህን ብቸኛ መብት ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ ጥሶ የራሱን ሸክላ አሳተመ።

ወሎን የነካው ትልቁ ዝምታ ግን የረሃቡ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ከዓለም ሸሸገው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለዕይታ አቀረቡ፤ ተማሪዎች ተቆጡ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ውጭ አገር ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ምስል ዙፋን ሲያነቃንቅ አገራችን በዓይኗ ያየችው ያኔ ነው።

ከምስሉ በፊት ግን ሙሾው ነበረ። ልጇን ቀብራ ወደ ደሴ መንገድ የወጣች እናት ያንጎራጎረችው ከየትኛውም ሪፖርት ይቀድማል። ካሜራ ያልደረሰበትን መንደር እንጉርጉሮ ደርሶበታል። የሚያሳዝነው ይህ ነው። ፎቶግራፉ ተቀመጠ፣ ፊልሙ ተቀመጠ፤ አብዛኛው ሙሾ ግን ከአልቃሾቹ ጋር ተቀበረ።

እቅፉ

ደርግ ሲመጣ ሦስተኛው መንገድ ተከፈተ። አዲሱ መንግሥት የባህል ጥበብን ናቀ አይባልም። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ ወሎም የላሊበላ ኪነትን አገኘች። ቀድሞ በንቀት ዐይን የሚታየው ማሲንቆ መድረክ ላይ ወጣ፤ የገጠር እስክስታ በአዲስ አበባ አዳራሽ ተጨበጨበለት። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት በዚህ መንገድ መጥታ የወሎን ቅኝት ለመላው አገር አሰማች። ይህን ውለታ መካድ ግፍ ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ግጥም ለሳንሱር መቅረብ ነበረበት። መድረኩ ለአብዮቱ፣ ለዘመቻው፣ ለእናት አገር ጥሪ ተፈለገ። የከፋው ግን «ተቀበል» መጥፋቱ ነበር። ዘፋኙ መድረክ ላይ፣ ሕዝቡ ወንበር ላይ ሆነ። ስንኝ ከታች መምጣቱ ቆመ፤ ከቢሮ መምጣት ጀመረ። ታዳሚው አጨብጫቢ ብቻ ሆኖ ቀረ። ክልከላ መንዙማን ወደ ጓዳ ቢያስገባውም አልለወጠውም፤ ግድያ አዝማሪውን ቢያሳድደውም አሠራሩን አልነካም። እቅፉ ግን አሠራሩን ራሱን ለወጠ። ከሦስቱ ከባዱ እቅፉ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ታሪክም ራሱን ደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ወሎ እንደገና ተርባ ነበር። በጥቅምት ወር ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያም ብዙ የወሎ ገበሬ በሠፈራ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ተወሰደ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የባህል ቡድን ለእርዳታው ምስጋና ሊያቀርብ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። በመድረኩ ላይ የታየው ውበት እውነት ነበር። በዚያው ጊዜ የሠፈራው ሰው በማያውቀው ጫካ ውስጥ የአገሩን ስም እየጠራ ያንጎራጉር ነበር፤ ያም እውነት ነበር። አንዱ መድረክ አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። በጽሑፉ ዓለምም ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ባሳተመ በወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም.፣ ደብዛው ጠፍቷል።

ከ1983 ወዲህ

ደርግ ወድቆ የሳንሱር ቢሮ ሲዘጋ ካሴቱ ጎርፍ ሆነ። መንዙማ ከሀድራ ወጥቶ ሱቅ ገባ፤ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። ክርስቲያን አድማጭ ሳይቀር በመኪናው ውስጥ መንዙማ ሰማ። በአንጻሩ ከውስጥ አዲስ ጫና መጣ። መውሊድንና ተወሱልን (በነቢዩና በደጋጎች አማላጅነት መለመንን) የማይቀበሉ የሃይማኖት አስተምህሮዎች መንዙማን መተቸት ጀመሩ፤ በብዙ ወጣቶች ዘንድም ነሺዳ ተተካበት። በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሞች የመብት ጥያቄ ሲነሣ፣ ደሴን ጨምሮ በየከተማው የተቃውሞው መሣሪያ ዝምታ፣ ቢጫ ካርድ፣ ነጭ መሐረብና ዜማ ነበር። የቦሩ ሜዳ ልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ብልሃት አልረሱም።

በ2014 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ መጣ። ደሴና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ቆዩ። በዚያ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። የወሎን ትዝታ የያዘ ቤት ባዶ ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ዩቲዩብ ላይ ብቻ ያለ ዜማ አንድ መሥመር ሲቆረጥ ዝም ይላል። ሀድራና ለቅሶ ቤት ግን መሥመር አያሻቸውም።

የተለወጠውና የጸናው

ከ1870 እስከ ዛሬ መሣሪያው ተለውጧል። በዓጀሚ ከተጻፈ ወረቀት ወደ ማሲንቆ፣ ወደ ሸክላ፣ ወደ ካሴት፣ ወደ ስልክ ሄዷል። ጉልበተኛውም ተለውጧል። የጸናው ቅኝቱና የብዙ አፍ አሠራሩ ነው። ጥበባችን የተረፈው በአንድ ጀግና አርቲስት ደረት ላይ አይደለም። የተረፈው ስንኝ የሚሰጥና ስንኝ የሚቀበል ሕዝብ ስለነበረ ነው። አዝማሪው የጌቶችን ድግስ ሲያሞግስም እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ቤት «ተቀበል» ብሎ የሚያርመው ሰው አልጠፋም ነበር።

ዛሬ የሚያሰጋኝ ይህ ሰው እየጠፋ መምጣቱ ነው። ማንም ሳይከለክለን፣ ማንም ሳይገድለን፣ አዳማጭ ብቻ ሆነን ልንቀር ነው። የሐይቁ ወንጌል ሰባት መቶ ዓመት የኖረው መነኮሳት ስለጠበቁት ነው፤ የ1965 ሙሾ የጠፋው ማንም ስላልመዘገበው ነው። ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፣ የመስጊድና የገዳም አባቶች፣ ከሁሉም በላይ የየቤቱ ልጆች አንድ ሥራ አለባቸው። በዓጀሚ የተጻፉት መንዙማዎች ምስጥ ሳይበላቸው ይገልበጡ። የሰፈሩ አልቃሽ ሳታልፍ ድምፅዋ ይቀዳ፤ ስንኙን ማን እንደሰጣት፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነም ይጻፍ። አያትህ ወይም አያትሽ በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉሩት አንድ ዜማ ካለ፣ ስልክህን ከፍተህ ቅዳ፤ ከዚያም ስልኩን አስቀምጠህ አብረህ አንጎራጉር።

ስንኙ ተሰጥቷል። ተቀበሉ።